ዘፋኝ የቀየረ ባንድ

ዘፋኙን የቀየረ ባንድ አልወድም ነበር። እናንተስ? ሰው የለመደውን ድምፅ ሲነጥቁት ይቀየማል መሰለኝ።

ወልድያ ውስጥ የሠርግ ባንድ ነበረን። እኔ ኪቦርድ እመታለሁ፣ ጓደኛዬ አበራ ይዘፍናል። ጦርነቱ ሲደርስ አበራ እናቱን ሊያመጣ ወደ ሲሪንቃ ወጣ። መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ አገኘው። በቃ። ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት።

መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ መውጣት የለ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የመርሳ ሹፌር መንገድ ተዘግቶባቸው እኛ ግቢ ተጠልለዋል። በፀሐይ የምትሞላ ሬዲዮና አንድ ፍላሽ አላቸው። ፍላሹን ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ አንድ መርከበኛ ነው የሰጣቸው። ውስጡ ያለው የአንድ የፈረንጅ ሮክ ባንድ ሥራ ብቻ ነው፣ ከጅማሬው እስከ መጨረሻው። አንዱ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ሽሮ ይበስላል!

የመጀመሪያው ዘፋኝ አንጀቴን በላው። ጎረቤቱን እንደሚያጫውት ሰው ነበር የሚዘፍነው። ከዚያ እሱ ጠፋና ሌላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

“ይዝጉት ጋሽ ሰይድ፤ ይሄማ ያ ባንድ አይደለም” አልኳቸው።

“ሰውየው ሄደ። የቀሩት ምን ያድርጉ? አፋቸውን ይዝጉ?”

ሌላ ሥራም ስላልነበረኝ ሰማሁት። መጀመሪያ በጥላቻ። ኋላ ግን፣ በፊት ከዘፋኙ ጀርባ ተደብቆ የነበረው ጊታር አሁን ወደ ፊት መውጣቱን ልብ አልኩ። ቀጭኑም ሲሄድ ጊታር መቺው ራሱ ዘፈነ። ድምፁ አያምርም። ወደድኩት።

መንገዱ ሲከፈት ጋሽ ሰይድ ቤታቸው ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ የእህታቸውን ልጅ ዘሃራን ላኩልኝ። ለካ ትዘፍናለች! ኪቦርዱን ከአልጋ ሥር አወጣሁት።

ለመጀመሪያው ሠርግ ሐራ ከተማ ተጠራን። ከእንግዶቹ መሀል የአበራ እናት እማማ የሺ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ዘሃራ አምባሰል ጀመረች፤ ቅኝቱ ወረደባትና ድምጿ ታፈነ። እማማ የሺ ተነሥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ሊያስቆሙኝ ነው ብዬ እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

ጎንበስ ብለው፣ “አንተ፣ ይሄ እኮ የአበራ ልክ ነው። ለእሷ ቀጠን አድርገህ ምታላት እንጂ!” አሉኝ።

ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ዘሃራ ለቀቀችው። እማማ የሺ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ እዚያው አጠገቤ ቆመው ያጨበጭቡ ጀመር። ጭብጨባቸው ከምቱ ጋር አይገጥምም። እሱን ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?