ሳይታይ የተገመገመው የኮሪያ ፊልም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝበት የተራኪው መኪና በነሐሴ ሙቀት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሀይዌይ መሃል፣ ኤሲዋ ተበላሽቶ ትቁም። ዳላስ የሚኖር ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ አያውቅም።

ክቡር አቶ ከሊፋ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ በትርፍ ሰዓታቸው ደግሞ የሰፈራቸውን የካሮልተንን ሐበሻ ጨዋነት በነጻ ይጠብቃሉ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ ወንድና ሴት ከተቀራረቡ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ልጃቸው ሁመይራም ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ልጅቷ እንዲህ ስታመላልስ ያደገችው ውሃ የግሬፕቫይንን ሐይቅ ሁለት ጊዜ ይሞላል።

ይህቺው ሁመይራ ነርሲንግ ትታ ፊልም ልማር ያለች ዕለት አባቷ "ከኔ ቤት ፊልም ሠሪ አይወጣም" አሏት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። እናም በኮሙኒቲው አዳራሽ የኮሪያ ፊልም ላሳይ ብላ፣ ከምስሉ ሥር የሚነበበውን የአማርኛ ጽሑፍ ከእናቷ ከዘይነብ ጋር ተርጉማ ስትጨርስ፣ አባቷ በአስቸኳይ የጨዋነት ኮሚቴ አቋቋሙ። በጾምም በበዓልም ከእሳቸው ጋር ተስማምተው የማያውቁት አቶ ገብረ ሥላሴ እንኳ በዚህ ተስማምተው ምክትል ሆኑ።

ኮሚቴው ፊልሙን አስቀድሞ ማየት አባላቱን ሊበክል እንደሚችል በጥልቀት በመገንዘብ፣ ሳያየው ገመገመው።

"አባ፣ ፊልሙ እኮ መንግሥት ፊልሞቹን እየቆረጠ ስላስቸገረው ሽማግሌ ዳይሬክተር ነው" አለች ሁመይራ።

"ታዲያ ምን ቸገረው፤ መቆረጥ ለምዷል" አሉ አባቷ።

"ማለቴ፣ ነውር ነው ተብሎ የተደበቀውን ነው የሚያወጣው። ሶ፣ መጨረሻውን ከቆረጣችሁ ምንም ትርጉም የለውም።"

"ነውር አለበት አለች" አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ። "ከሊፋ፣ ሰማህ አይደል? በራሷ አፍ።"

ተወሰነ፦ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ ሲያንስ ሊቀመንበሩ አቶ ከሊፋ ትዕይንቱን በሪሞት ያሳልፉታል።

ዕለቱ ደረሰ። አዳራሹ በአምስት መቶ ሰው ተጨናነቀ፤ ቦታ ያጣው ሕዝብ ፓርኪንጉን ሞላው። አቶ ከሊፋ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተሰየሙ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌውና አንዲት ወጣት ሴት በደብዛዛ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሽማግሌው ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

"ቀረባት" አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ።

ሪሞቱ ተጫነ፤ ፊልሙ ግን ከሁመይራ ላፕቶፕ ይመጣ ነበርና ትእዛዝ አልተቀበለም። በዚያች ታሪካዊ ደቂቃ አቶ ከሊፋ ተነሱ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን እየወጋቸው፣ ስክሪኑ ፊት በገዛ አካላቸው ተገተሩ። አንድም ሰው አላየም፤ ወላሂ። ሕዝቡ ከአክብሮት የተነሳ ጸጥ አለ፤ ሴቶቹ በምስጋና አለቀሱ። መብራት ሲበራ ሁመይራ መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "ታንክ ዩ፣ አባ" አለች፤ ከነርሲንጉ ጠብ ወዲህ ስታቅፋቸው የመጀመሪያዋ ነው። ሳንሱር ቤተሰብ እንደሚያስታርቅ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ያን ቀን፣ ካሮልተን ውስጥ ነው።

እሑድ ከሰዓት አቶ ከሊፋ ይህንኑ ለእንግዶቻቸው ሲተርኩ ዘይነብ ሳህን እያነሳች አዳመጠች። የተናገረችው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

"ከሊፋ፣ ሰው እኮ ሃያም አይሞላ ነበር።"

"እሺ፣ ይሁን።"

"ሴቲቱም የሽማግሌው ልጅ ናት። ሊስማት አይደለም ጎንበስ ያለው፤ ይቅርታ ሊጠይቃት ነው። አባት ልጁ ፊት ጎንበስ ማለት እዚያም አገር ነውር ነው።"

አቶ ከሊፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሃ ሊያመጣ የተነሳ የለም።

"የሸፈንከውም ነገር የለም። ሁሉም ጀለቢያህ ላይ ታይቷል። ጽሑፉ ሆድህ ላይ ነበር፤ 'ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ' ይላል። ሁመይራ አውቀህ የቆምክ መስሏታል።"

ሳህኖቹን አስቀመጠች።

"አላወቅኩም ነበር እንዳትላት።"