ቴፑ ውስጥ የነበሩት ሁለተኛ ሰው

መለኪያ እያለ ጆሮ ምን ይሠራል? እል ነበር እኔ። በጃንሆይ ጊዜ የድምፅ መቅረጫ ባለሙያ ነበርኩ። ሣጥን የሚያክል ቴፕ በበቅሎ አስጭኜ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ልቀርጽ ስማዳ፣ ወገዳ ሄድኩ። አንዲት መለኪያም ነበረችኝ፤ ቴፑ ድምፅ ካዛባ መርፌዋ ትዘላለች፣ ካላዛባ ትተኛለች። እንዴት እኮራባት እንደነበር አልነግራችሁም!

የቀረጽኳቸው ሰው መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ የድጓ መምህር ናቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃፋቸው ላይ፣ የገዛ ዜማቸውን መልሼ አሰማኋቸው። ጥቂት አዳመጡና ብድግ አሉ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ።

«ከእኔ በላይ ሆኖ አብሮኝ የሚያዜመው ማን ነው?» አሉኝ።

ማንም የለም አልኩ። መርፌዋን አየሁ፤ ተኝታለች። እሳቸው ግን የኔታ ናቸው፣ አስተማሪዬ ናቸው አሉ። እኒያ ሰው የድጓ ማስመስከሪያ በሆነው ደብር፣ ቤተ ልሔም ላይ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል! የሞቱትም ላቀውን ሊያስመሰክሯቸው፣ ማለት ድጓቸውን ሰምተው ‹በቅተሃል፣ አስተምር› ሊሏቸው ሳምንት ሲቀር ነው። መሪጌታም ሌላ መምህር ዘንድ አላስመሰክርም ብለው፣ ይኸን ሁሉ ዘመን «አጥፍቼ እያስተማርኩ ይሆን?» እያሉ ሲጨነቁ ኖረዋል።

ሳቄ መጣ። ግን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወገኖቼ፣ ሰማሁት! ቀጭን፣ የሩቅ ድምፅ፣ ቃል በቃል ይከተላቸዋል። አንዳንዴማ የሚቀድማቸው መሰለኝ። ጸጉሬ ቆመ። አንዴ ከሰማችሁት ደግሞ አለመስማት አይቻልም።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። ያቺ መለኪያ ቴፑን የምትፈትነው በአንድ ወጥ ፉጨት ነው፤ ሰው ደግሞ ፉጨት አይደለም። የሰው ድምፅ ሲገባበት ቴፑ መርፌዋ የማታየውን ትርፍ ድምፅ ይፈጥር ኖሯል። ቴፑን ፈታሁና አንዲት ያረጀች ዕቃ ቀየርኩ። ድምፁ ጠራ። ስለ መቅደሙ ግን ባላስበው ይሻለኛል።

ደስ ብሎኝ እንደገና አሰማኋቸው። መሪጌታ አዳመጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«የት ሄዱ? ስሕተት አግኝተውብኝ ነው ጥለውኝ የሄዱ?»

ምን ልበል? ስለ ዕቃዋ ላስረዳ? አንጀቴ አልቻለም።

«የለም መሪጌታ፣ ሰምተው ሲጨርሱ ነው የሄዱት። የመለኪያዬ መርፌም አንድ ስሕተት አላገኘችብዎትም» አልኩ።

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ዛሬ አስመሰከርኩ ብለው ነገሩ።

እኔ ከድጓ አንዲት መስመር አላውቅም። የወገዳውን መምህር ያስመሰከርኳቸው ግን እኔ ነኝ።