የሰፈራችን ታሪክና የእኔ አጥር

ድሬዳዋ ውስጥ ሀብታም ማለት ጥላ ያለው ሰው ነው። ፎቅ ሠርተህ እኩለ ቀን ላይ በረንዳህ ላይ መቀመጥ ካልቻልክ ምኑን ኖርከው? የቀረው አገር በመሬት ይጣላል፤ እኛ ድሬዎች ግን በጥላ ቀልድ አናውቅም።

ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለን። የምንሰበሰበው እሁድ እሁድ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ አጥሬ ጥግ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ጉዴም እሱ ዛፍ ነው። ሥሩ አጥሬን ከታች ሰንጥቆ ወደ መንገዱ አዘመመው። ዛሬ ነገ ሰው ላይ ይወድቃል እያልኩ ስሳቀቅ ከረምኩና ዛፉ ይቆረጥልኝ ብዬ ለማኅበሩ አመለከትኩ።

ተው አቦ፣ የት ልንቀመጥ ነው ብሎ ጉባኤው አጉረመረመ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ተሾመ፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ቀድሞ የመጣው ይቆይ፣ ኋላ የመጣው ይነሳ ብለው ፈረዱ። ቤታችን የሰፈሩ የመጀመሪያ ቤት መሆኑን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እንግዲህ አሸንፌያለሁ ማለት አይደል? ዝም ብል ምን ነበረበት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ተነስቼ ንግግር አደረግኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የሰፈራችን ታሪክ ከአንደኛው ቤት ጀምሮ በቃለ ጉባኤ ይስፈር አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጸሐፊም አደረጉኝ።

ለምስክርነት አዴ ፋጡማ ተጠሩ። ከመጋላ ሰፈር ወደዚህ የተዳሩ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ እናት ናቸው። አማርኛቸው ሲደክማቸው በኦሮምኛ፣ እሱም ሲደክማቸው በሶማሊኛ እየቀጠሉ፣ ቤታችን ቀድሞ እንደተሠራ፣ ዛፉ ከቤቱ በኋላ እንደተተከለ ተናገሩ። ኩራቴን አትጠይቁኝ! አዴ ግን ገና አልጨረሱም።

“ዛፉማ እዚያው በተተከለበት ነው ልጄ” አሉኝ። “አጥሩ ነው ወደሱ የመጣው።”

ለካ ድሮ አጥራችን ከዛፉ ሦስት እርምጃ ይርቅ ኖሯል። አንድ በጋ ሙቀቱ ቢጠናበት አባቴ አጥሩን አፍርሶ ወደ መንገዱ ገፋና የጥላውን ግማሽ ግቢው ውስጥ አስገባ። ጎረቤቱ ሁሉ አየ፤ አባቴ ደግ ሰው ስለነበር ግን ማንም አልተናገረውም። ኋላ የመጣው አጥሩ ነውና ሦስት እርምጃ ይመለስ ተባለ። በገዛ እጄ ጻፍኩት።

አፈረስኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኛል። አዲሱ አጥሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መንገደኛም ሳይሳቀቅ ያልፋል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ያገኘው ግማሹን ጥላ ነበር፤ እኔ ወንበሬን አውጥቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ሙሉው ሥር እቀመጣለሁ።

በተከታዩ እሁድ መዝገቤን ይዤ ተነሳሁ። የአንደኛው ቤት ታሪክ ስለተጠናቀቀ ወደ ሁለተኛው እንለፍ አልኩ። ሁለተኛው ቤት የጋሽ ተሾመ ነው። ጋሽ ተሾመ ዞር ብለው አጥራቸውን አዩ። የቀረውም አባል የየራሱን አየ። ከዚያም የሰፈራችን ታሪክ እዚህ ላይ በክብር እንዲያበቃ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።