«ታሲተርን» የተባለችው ዘይነባ

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ነበር። ግምገማ ላይ ዝም ያለ ሰው ወይ አኩርፏል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ስለዚህ ሁላችንም እንናገር ነበር፤ ስለምናውቀውም፣ በተለይ ደግሞ ስለማናውቀው። እኔ በዚህ በኩል አልታማም። መርሳ ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ እስከ ውኃ ፓምፕ መመሪያ፣ በፈረንጅኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። «አላውቀውም» የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ አትሏትም።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ሰይድ ልጃቸውን ዘይነባን አስከትለው ትምህርት ቤት መጡ። ልጅቷ ውርጌሳ አጠገብ ችግኝ ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ፈረንጁ አለቃዋ ወደ አገሩ ሲመለስ የምስክር ደብዳቤ ጽፎላታል። በማግስቱ ወልድያ ወርዳ ለመዝገብ ቤት ሥራ ልታስገባው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ማኅተም የሌለው ትርጉም አይቀበልም።

እየተረጎምኩ ወረድኩ። ታማኝ ናት፣ ሰዓት አክባሪ ናት፣ ከዚያ «ታሲተርን» ናት። ቆምኩ። በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ቅጽል!

«መምህር፣ ምን ይላል?» አሉ ሐጂ አንገታቸውን አስግገው።

«ታታሪ ናት ነው የሚለው፣ ሐጂ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

«አልሐምዱሊላህ! ታታሪስ ታታሪ ናት።»

መረቁኝ። ዘይነባ አጠገባቸው ቆማ ወለሉን ታያለች። ጻፍኩና የትምህርት ቤቱን ማኅተም መታሁበት።

እነሱ እንደ ወጡ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ዝምተኛ፤ ለመናገር የሚሰስት። ፈረንጁ ሲያመሰግናት ይሁን ሲያማት እስካሁን አላወቅሁም። ወልድያ ላይ ቃሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ደብዳቤዋ ፎርጅድ ተብሎ ልጅቷ ሥራውን ልታጣ ነው፤ በእኔ ምላስ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሮጬ፣ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል ደረስኩባት።

«ዘይነባ፣ ተሳስቻለሁ! ዝምተኛ ማለት ነው!»

«አውቃለሁ» አለች። ከቦርሳዋ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝ። ማኅተሙን በኪሴ ይዤ ነበር፤ ይህን ለርዕሰ መምህሩ አትንገሩብኝ።

ሥራውን አገኘች። ከወራት በኋላ ወልድያ ስወርድ መዝገብ ቤቱ ጎራ አልኩና ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኋት።

«ቃሉን እያወቅሽ፣ ያን ቀን አጠገቤ ቆመሽ ለምን አላረምሽኝም?»

ፈገግ አለች።

«መምህር፣ እዚያው ባርምዎት ኖሮ ደብዳቤው ውሸት ይሆን ነበር።»