ጫፉ የተሰነጠቀው ዘንባባ

(አንዲት ጠባብ ሱቅ። በቀኝ በኩል መስታወትና የፀጉር መቁረጫ ወንበር፣ በግራ በኩል የልብስ ስፌት መኪና። በሩ ሥር በግማሽ በርሜል የተተከለ ዘንባባ አለ። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነበር፤ እስከ ትናንት ድረስ። ዛሬ ወለሉ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁሉን አውቃለሁ ከማለቱ የተነሳ «ፕሮፌሰር» የወጣለት፣ መቀስ ይዞ ዘንባባው ላይ ጎንበስ ብሏል። የእህቱ ባል ልብስ ሰፊው፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ምስኪን፣ ክንዱን ይዞ ይለምነዋል።)

ልብስ ሰፊው፡ ጋሼ፣ በቃ። መላጣ ልታደርገው ነው እኮ።

ፕሮፌሰር፡ ጫፉን እየው። ተሰንጥቋል።

ልብስ ሰፊው፡ ሳትቆርጠውም ተሰንጥቆ ነበር። ከቆረጥከው በኋላም ተሰንጥቋል።

ፕሮፌሰር፡ እንግዲያው ገና አልደረስኩበትም። ጫፉ የተሰነጠቀ ፀጉር ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ሥር ይወርዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ራስ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ልብስ ሰፊው፡ ይኼ ራስ ነው?

ፕሮፌሰር፡ ታዲያ እግር ነው?

(ልብስ ሰፊው አሰበበት። እግር አለመሆኑን አመነ፤ መቀሱም ሥራውን ቀጠለ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ዘንባባው የአከራያቸው የእትዬ ነው። ብርዱ ሲገባ ልጃቸው ዘንድ ሊከርሙ ሲሄዱ ለሁለቱ አደራ ሰጥተው፣ በሕይወት ካገኘሁት ሱቁ ውስጥ ትቀጥላላችሁ፣ ከሞተ ቁልፌን ታስረክቡኛላችሁ ብለው ነበር። የሚመለሱት ዛሬ ነው። ልብስ ሰፊው ከዚህ ከወጣ መኪናውን የሚያሳርፍበት ጥግ የለውም።)

ልብስ ሰፊው፡ ብርዱ ቢሆንስ ያጠወለገው?

ፕሮፌሰር፡ ይኼን? የሜዲትራኒያን ዘንባባ እኮ ነው። በረዶ ቢወርድበት ዞር ብሎ አያየውም። ይኼን የሚገድለው ሥሩ ላይ የተኛ ውኃ ነው። በርሜሉን ከታች የበሳሁት ለምን ይመስልሃል?

ልብስ ሰፊው፡ ደፈንኩት እኮ።

ፕሮፌሰር፡ ምኑን?

ልብስ ሰፊው፡ ቀዳዳውን። እያፈሰሰ ጨርቆቼን አራሰብኝ።

ፕሮፌሰር፡ አንተ ሰው፣ ጉድ ሠራኸኝ። ውኃው ሁሉ ታዲያ ውስጥ ተኝቷላ?

ልብስ ሰፊው፡ የምን ውኃ? ከደፈንኩት ወዲህ አላጠጣሁትም። የተኛ ውኃ ይገድለዋል ብለኸኝ የለ?

(ፕሮፌሰር ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።)

ፕሮፌሰር፡ እኔ ደግሞ አንተ ታጠጣለህ ብዬ፣ ሱቅ በዘጋን ቁጥር በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቀው ከረምኩ።

ልብስ ሰፊው፡ በሙቁ ነው በቀዝቃዛው?

ፕሮፌሰር፡ በሙቁ።

(ሁለቱም ዘንባባውን አዩት። ሰው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ተነስቶ በሄደ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቅጠል የቀረችው ከመሐል የተጠቀለለች አንዲት ለጋ ናት።)

ፕሮፌሰር፡ እሷንም ላስተካክላት። ብቻዋን ቆማ ታስጠላለች።

ልብስ ሰፊው፡ እሷን ከነካህ ለእህትህ እነግራታለሁ።

(ፕሮፌሰር በዚህ ዓለም የሚፈራው እህቱን ብቻ ነው። መቀሱን ኪሱ ከተተ። ልብስ ሰፊው ለጋዋን በሁለት እጁ ከልሎ ቆመ፤ የግንዱ እሾህ ክርኑን ቢወጋውም ንቅንቅ አላለም።)

ልብስ ሰፊው፡ ልስፋለት እንዴ?

ፕሮፌሰር፡ ምኑን?

ልብስ ሰፊው፡ ቅጠሉን። አረንጓዴ ጨርቅ ተርፎኛል። እንደ ጉርድ ቀሚስ ሽንሽን አድርጌ፣ በሽቦ ወጠር ባደርገው።

ፕሮፌሰር፡ ለዛፍ ልብስ? በል ይኼን ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብህ። (ወደ መንገዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይመለሳል።) ቶሎ ይደርሳል?

(መኪናው ይንጣጣ ጀመር። ልብስ ሰፊው ይሸነሽናል፣ ፕሮፌሰር ሽቦ ያጎብጣል፤ እያጎበጠም የሽቦን ጠባይ ያስተምራል። ማንም አልጠየቀውም።)

ፕሮፌሰር፡ ቆይ፣ ቆይ። ጫፉን ለምን ዘመዘምከው?

ልብስ ሰፊው፡ እንዳይተረተር ነዋ።

ፕሮፌሰር፡ ፍታው። ሰንጥቀው። ጫፉ ድፍን የሆነ ዘንባባ የት አይተህ ታውቃለህ? ሲፈጠርም የተሰነጠቀ ነው።

(መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ቀና አለ።)

ልብስ ሰፊው፡ ሲፈጠርም?

ፕሮፌሰር፡ ስፋ።

(የመጨረሻው ቅጠል እንደታሰረ እትዬ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ። ጉልበት ተሳመ፣ ጤና ተጠያየቁ። ፕሮፌሰር ወዲያው ስለ አፈሩ፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ፀሐዩ ማብራሪያውን ለቀቀው። እትዬ አንዱን ቅጠል በጣታቸው መሐል አሸት አሸት አደረጉ።)

እትዬ፡ እንዲህ ያደረገው ማን ነው?

ፕሮፌሰር፡ እኔ ነኝ፣ እትዬ። ብቻዬን። እሱማ ከመኪናው መች ተነስቶ።

እትዬ፡ ቅጠሉን የመለመልከውም አንተ ነሃ።

(ፕሮፌሰር የመቀሱን ኪስ በእጁ ሸፈነ። እትዬ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አጎነበሱ።)

እትዬ፡ ይቺን ለጋዋንስ ማን አተረፋት?

(ፕሮፌሰር በጣቱ ልብስ ሰፊውን አመለከተ።)

እትዬ፡ (ለልብስ ሰፊው) የዛፉ ልብ ደህና ነው፣ ይነሳል። ግን ቀርፋፋ ዘር ነው፤ እንደ ድሮው እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል። እስከዚያ ራቁቱን አይቆምብኝም፣ እየቀያየርክ ታለብስልኛለህ። ሱቁ ውስጥ ቆይ። (ወደ ፕሮፌሰር ዞረው) አንተ ግን ቁልፌን።

(ፕሮፌሰር ኪሱን ዳበሰ። መስታወቱን አየ፣ ወንበሩን አየ። ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋ። ልብስ ሰፊው መሐል ገባ።)

ልብስ ሰፊው፡ እትዬ፣ እሱም ይቆይልኝ።

እትዬ፡ ምን ሊያደርግልህ?

ልብስ ሰፊው፡ እኔ መስፋቱን እንጂ ጫፍ መሰንጠቁን አልችልበትም።

(እትዬ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። በአንተ ኃላፊነት ከሆነ ይሁን ብለው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ።)

ልብስ ሰፊው፡ በል፣ መጀመሪያ ቀዳዳውን ክፈት። ከዚያ ውኃ ቀድተህ አጠጣው። እኔ ሳልነግርህ ደግሞ መቀስ አታነሳም።

ፕሮፌሰር፡ እሺ፣ ጋሼ።