ካንሰርን ወርቅ ሊያጎርስ የተነሳው ታሂር

ሐኪም የሌለው ቀበሌ አለ፣ ውሃ የሌለው ቀበሌ አለ፤ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ግን እግዜር አልፈጠረም። ለቆቦው ሰፈራችን የደረሱን ክቡር ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የከብት አዋላጅና የዓለም ፖለቲካ ተንታኝ አቶ ታሂር ናቸው። አብሮ አደጌ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ታሂር ልበለው።

«ቀላል እኮ ነው!» ሳይል የጀመረው ማብራሪያ የለም። ባጃጅ ሲቆም «ቀላል እኮ ነው!» ብሎ ሞተሩን ይፈታዋል፤ ባለባጃጁ እየገፋ ቤቱ ይገባል። አንድ የጎብዬ ገበሬ በእሱ ምክር ሽንኩርቱን አድርቆ፣ ዛሬም ቆቦ ገበያ ሲመጣ በኛ በር አያልፍም።

እኔ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እውቀት ትሕትናን ያስተምራል ይባላል፤ እኔን ያስተማረኝ መተከዝን ነው። እህቴ አስረሳሽ የጡት ካንሰር አለብሽ ተብላ ደሴ ሄዳ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ሲነገራት፣ «ይዤው የተወለድኩትን ገላ ይዤው ልቀበር» ብላ ተኛች። ስለ ሴሉ፣ ስለ ሥርጭቱ፣ መዘግየቱ ስለሚያመጣው አደጋ አስረዳኋት። ያልኳት ሁሉ እውነት ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚህ መሀል ታሂር የሚስቱን የሳሊሀን የወርቅ ጉትቻ በመሐረብ ቋጥሮ ከች አለ። ሳይንቲስቶች ካንሰርን በወርቅ ሊገድሉት መሆኑን በሬዲዮ ሰምቷል።

«ቀላል እኮ ነው እቴ! እብጠቱ ላይ አስሮ ፀሐይ መሞቅ!»

ጎትቼ አወጣሁት። «አንተ ሰው፣ ያ ወርቅ በዓይን አይታይም፤ ከሴሉም እጅግ ያነሰ ቅንጣት ነው። ሴል አፍ የለውም። ቅንጣቷ ስትነካው ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ይከባታል፤ እንደ ከረጢት ቋጥሮ ያስገባታል። ከልክ በላይ ብታንስ ሽፋኑ አይታጠፍላትም፤ ብትተልቅ አይችላትም። ከገባች በኋላ ልዩ ብርሃን ሲያበሩባት ግላ ሴሉን ከውስጥ ታቃጥለዋለች። እሱም ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው።»

«ገባኝ» አለ። ታሂር ገባኝ ሲል እፈራለሁ።

ተመልሶ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ። «እቴ፣ ካንሰር ምን መሰለሽ? ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ከላይ ሆኖ ሁሉንም ወደ ማሳው የሚጠልፍ ጎረቤት ነው። ታች ያለው ማሽላ ቢደርቅ ምን ተዳው! ደለል ይምጣ፣ ድንጋይ ይምጣ፣ መዋጥ ብቻ። ሐኪሞቹ ታዲያ ‹ስግብግብ ከሆነማ እናጉርሰው!› አሉ። ወርቅ አጎረሱት። ወላሂ፣ ፍም መሆኑን የሚያውቀው ከዋጠው በኋላ ነው!»

አስረሳሽ ዞረች። «አንተ! ይሄማ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ነው!» ብላ ከት አለች። ሟቹ ወልደ ሚካኤል የአባታችንን ማሳ ውሃ ሲነጥቅ የኖረ ጎረቤት ነበር። ስቃ ስታበቃ ዝግ ብላ ጠየቀች፤ «ታዲያ ይሄ ወርቅ ደሴ አለ?»

ሊዋሻት ነው ብዬ ላቋርጠው ብድግ አልኩ።

«የለም እቴ። ገና እየሞከሩት ነው። ደሴ ያለው ቢላዋ ነው። ግን ወልደ ሚካኤል ውሃ ሲጠልፍብን ወርቅ እስኪመጣ ጠበቅን? ዶማችንን ይዘን ሄደን የአፈር ግድቡን አልናድንበትም?»

ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ነጠላዬን አቀብሉኝ» አለች።

እሷን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው በሩን ሲዘጉ፣ ከቆቦ እስከ ደሴ ሲያወራ የመጣው ታሂር ጭጭ አለ። መቁጠሪያው ከጣቱ ላይ አልንቀሳቀስ አለ። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ።

«ታሂር» አልኩት፣ «አሁን ምን እያደረጉላት ይሆን?»

ቀና አለ። ዓይኑ ርሷል። ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ደም ሥር፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ክር ማብራራት ጀመረ። አንዱም ልክ አልነበረም።

«አየህ?» አለኝ መሀል ላይ ቆም ብሎ።

«እውነትህን ነው» አልኩት። «ቀጥል።»