ሰላምታ የሚያውቅ ሬዲዮ

ኮሚቴ ተሰብስቦ የፈታው ችግር በዓለም ላይ የለም ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በስደት ወደምንኖርባት ከተማ፣ ክላርክስተን፣ መጥተው አያውቁም። ቢመጡ ኖሮ የመረዳጃ ማኅበራችን ኮሚቴ አንድን ጥያቄ እንዴት ከየአቅጣጫው እያገላበጠ እንደሚያየው፣ አይቶም እንዴት በክብር ወደ ቦታው እንደሚመልሰው ተመልክተው በሰው ልጅ ላይ ያላቸውን እምነት ያድሱ ነበር።

ጥያቄው የተነሳው በወይዘሮ የሺእመቤት ምክንያት ነው። ወይዘሮ የሺእመቤት ክላርክስተን ውስጥ፣ አንድ አፓርትመንት ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሳንባቸው ደክሟል፤ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የሚተነፍሰው በመብራት ነው። ባለፈው መስከረም አውሎ ነፋሱ የሰፈሩን ጥድ ሲገነድስ መብራትም ስልክም አብረው ጠፉ። ማሽኑ ቆመ። ለክፉ ቀን የተቀመጠችው የኦክስጅን ሲሊንደር ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት መብራቱ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ማኅበሩ ነገሩን የሰማው በማግስቱ ነው። ሳይውል ሳያድርም ለፈጣሪ ምስጋና፣ ለመብራት ድርጅቱ ወቀሳ፣ ለወይዘሮ የሺእመቤት ደግሞ ኮሚቴ አቀረበ።

የኮሚቴው ተልዕኮ ስልክ ሲጠፋ አባላት የሚገናኙበትን መሣሪያ መርጦ መግዛት ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ገሠሠ ናቸው፤ በጎረቤት ከተማ በታከር የጎማ ሱቅ አላቸው፤ ንግግር ሲጀምሩ ይቆማሉ፣ ሲጨርሱ ግን አይቀመጡም። ወይዘሮ ልዕልት የማኅበሩን ሰርግና ለቅሶ በሙሉ በወጧ የምትሸኝ የምግብ ቤት ባለቤት ናት። ሰርፀ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዲኬተር ውስጥ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ የምትተዳደረው ወጣቷ ሶስና ደግሞ የቴክኒክ አማካሪ ሆና ተመደበች። አማካሪ ማለት በማኅበራችን ደንብ እንዲናገር የሚጋበዝ፣ ሲናገር ግን የማይሰማ ሰው ነው።

ስብሰባው ወይዘሮ ልዕልት ምግብ ቤት ጓሮ ባለው ክፍል ተደረገ። ሶስና ሁለት መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ባለ ረጅም አንቴና።

«ሁለቱም ስልክም ኢንተርኔትም አይፈልጉም» አለች። «በባትሪና በሬዲዮ ነው የሚሠሩት። አንዱ የላከውን ሌላው ይቀበልና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቤዚካሊ፣ ከእትዬ የሺ ወደ እትዬ ልዕልት፣ ከእትዬ ልዕልት ወደ ሰርፀ፣ ከዛ ታከር ይደርሳል።»

«ወሬ ማለት ነዋ» አለ ሰርፀ።

«ወሬ እየሄደ ይጨምራል። ይሄ አይጨምርም።»

አቶ ገሠሠ ተነሱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። እንግዲህ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ድር ነን» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከዚያ በኋላ ሰፊ ጊዜ የወሰደው የመጀመሪያው ድር ማን ይሁን የሚለው ነበር።

ድሩ ከታከር እንዲጀምር ከተወሰነ በኋላ ሶስና ትንሹን መሣሪያ አነሳች። «እኔ ይሄን ነው ሪኮሜንድ የማደርገው። እትዬ የሺ ሲቸገሩ ይቺን ቀይ ቁልፍ አንዴ ይጫናሉ፤ ሁላችንም ጋ ይጮኻል፣ ስማቸውም ይወጣል። ዳን፣ አለቀ።»

ወይዘሮ ልዕልት መሣሪያውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «የጋራዥ በር መክፈቻ አይመስልም? ይሄን አንገቴ ላይ አድርጌ ለቅሶ ቤት ልግባ?»

«ልክ ነሽ» አለ ሰርፀ። «አንቴናም የለው። ያኛው ባለ አንቴናው፣ እሱ ወንድ ነው።»

«አንቴናው ውስጥ ነው ያለው፣ ሰርፀ።»

«ካልታየ ምን ያደርጋል?»

አቶ ገሠሠ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። «ሶስናዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። እትዬ የሺ ቁልፉን ሲጫኑ፣ እንደምን አደራችሁ የሚለው የት ጋ ነው?»

«የለም ጋሽ ገሠሠ። ኢመርጀንሲ እኮ ነው።»

«ያለ ሰላምታ ጩኸት?»

«ትንፋሽ አጥሯቸው ነው እኮ የሚጫኑት!»

«ትንፋሽ ማጠር ጨዋነትን አያስቀርም» አሉ አቶ ገሠሠ፤ ይህ አባባል ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበራችን ይጠቀሳል። «ሰው ታፈንኩ ብሎ ሰላምታ ከተወ ነገ ራበኝ ብሎ ምርቃት ይተዋል። ከነገ ወዲያ ቸኮልኩ ብሎ ለቅሶ ይቀራል። እኛ እዚህ አገር የመጣነው ሰው ላይ ቁልፍ ለመጫን አይደለም።»

በዚህ ዓይነት ቀይ ቁልፍ ያለው መሣሪያ በሥነ ምግባር ጉድለት ወደቀ። ባለ ረጅሙ አንቴና ከስልክ ጋር ተገናኝቶ፣ ኔትወርክ በሌለበትም በአማርኛ ፊደል ስለሚያጽፍ ባህል አክባሪ ተብሎ አለፈ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሶስና። «የኛ ፊደል ብዙ ቦታ ይይዛል። በአንድ መልእክት ስልሳ ፊደል ቢገባ ነው። ደግሞ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም ማለት አለበት፤ ሁሉም ባንዴ ካወራ አየሩ ይዘጋል። በሥራ መውጫ ሰዓት አውራ ጎዳና 285ን አስቡት።»

«ስልሳ ፊደል?» አሉ አቶ ገሠሠ። «ለአንድ ጨዋ ሰው ስሙን ከነማዕረጉ ለመጥራት አይበቃም!»

ኮሚቴው ግን በችግር የሚበገር አልነበረም። የመጀመሪያው መልእክት ለሰላምታ፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ ጤና፣ ጉዳይ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሦስተኛው ለጉዳዩ እንዲሆን ደነገገ። ሰላምታ የደረሰው አባል ሁሉ ሰላምታ የመመለስ ግዴታ ተጣለበት። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሶስና ብትቃወምም አማካሪ ድምፅ ስለሌላት ሙሉው ድምፅ አልጎደለም።

መሣሪያው ለአባላቱ ሁሉ ተገዛ፤ ለወይዘሮ የሺእመቤት ግን በንግግርና በጭብጨባ ተሰጣቸው። እሳቸውም አመስግነው፣ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ እያስተካከሉ በቀስታ ጠየቁ።

«እንዲያው ሦስተኛው ጋ ሳልደርስ ትንፋሼ ቢያልቅብኝስ?»

«ሳያልቅ ይጀምሩታላ!» አሉ አቶ ገሠሠ፤ ቤቱም በዚህ ብልሃት ተገርሞ በድጋሚ አጨበጨበ።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆን ጀመር። ጥዱ በረዶውን መሸከም አቃተው፤ የመብራቱ ሽቦ ደግሞ ጥዱን። ረፋዱ ላይ ከዲኬተር እስከ ታከር መብራት ጠፋ፤ ወዲያው ስልኩም ተከተለው። የወይዘሮ የሺእመቤት ማሽን አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

ሲሊንደሯን ከፈቱ። የመለኪያዋን መርፌ አዩ። ታች ቤት ያሉት ኮንጎዎች ብርድ ልብስ ይዘው ወጡላቸው፤ ነገር ግን እነሱም የሚኖሩት በዚያው በጠፋው መብራት ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ደንቡ ጻፉ።

«ለተከበሩ አቶ ገሠሠና ለኮሚቴው አባላት፣ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

ቦታው እዚያ ላይ አለቀ።

መልእክቱ ግን እንዴት ሄደ! ከአፓርትመንቱ ተነስቶ ወይዘሮ ልዕልትን ሰላም አለ፣ በሰርፀ ቤት በኩል ዘለለ፣ ታከር ገባ። አቶ ገሠሠ መሣሪያቸው ሲጮህ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንደምን አደሩ እትዬ የሺ! ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል! ሠራ እኮ!» ብለው መለሱ። ወይዘሮ ልዕልት መለሰች። ሰርፀ መለሰ። ኢንተርኔት አጥቶ ቤቱ ተኮራምቶ የነበረው የማኅበሩ አባል በሙሉ ነቃና መሣሪያውን አነሳ። የወይዘሮ የሺእመቤትን ሰላምታ የመለሰ ሁሉ፣ ሌላውን ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ እርስ በርሱም ሰላምታ ተለዋወጠ። ልጆች እንዴት ናቸው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትሽ ጉልበቱን ተሻለው?

ወይዘሮ የሺእመቤት ሁለተኛውን መልእክት ጻፉ። «አልተላከም» አላቸው መሣሪያው። ደገሙት። «አልተላከም።» አየሩ በፍቅር ተዘግቶ ነበር።

ሶስና ነገሩ ገባት። መኪናዋ ላይ ጥድ ተጋድሞባታል፤ ያላት ጣቷ ብቻ ነው። «ሁላችሁም ዝም በሉ! እትዬ የሺ የሚሉት አላቸው!» ብላ ላከች።

«በመጀመሪያ እንደምን አደርሽ ይባላል» አሏት አቶ ገሠሠ።

ሕዝቡ ሰላም ብሎ ሲደክመው አየሩ ጥቂት ተነፈሰ፤ በዚያች ቀዳዳ ወይዘሮ የሺእመቤት ሁለተኛውን ዘለው የጻፉት ሦስተኛው መልእክት ሾለከ። «ማሽኔ ቆሟል። ሲሊንደሯ እያለቀች ነው። እባካችሁ ጄኔሬተር አምጡልኝ።»

ይህኛው ለሁሉም ደረሰ። ማኅበሩም ፈጥኖ ምላሽ ሰጠ።

«አይዞዎት።»

«እግዚአብሔር ያበርታዎት።»

«አሜን።»

«አሜን። አሜን።»

ጄኔሬተር ያላቸው አቶ ገሠሠ ናቸው። ቀይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፍሪጃቸውን፣ ማሞቂያቸውንና ሳሎን ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለዓሣዎቻቸው አየር የሚነፋውን ሞተር ያሠራ ነበር። ዓሣዎቹ በደንብ ይተነፍሱ ነበር። አቶ ገሠሠ ተነስተው ቆሙና ጻፉ፤ «ጥያቄዎ በክብር ደርሶናል። መንገዱ በረዶ ስለሆነ ኮሚቴው በጸሎት ያስብዎታል።» ሰርፀም አከለ፤ «እኔ ሚኒሶታን በበረዶ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የዚህ አገሩ ግን ተንኮለኛ ነው።» ወይዘሮ ልዕልት በበኩሏ ትኩስ ወጥ ይዛ ልትመጣ አስባ እንደነበር፣ ነገር ግን ለወገቧ እንደፈራች ገለጸች። ሐሳቧ ተመሰገነ።

ወይዘሮ የሺእመቤት መርፌዋን አዩ። ሩቡን አልፋ ወደ ቀዩ ታዘነብላለች። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በሰርግም በለቅሶም አብረው ተቀምጠዋል፤ ምን እንደሚያስለቅሳቸው፣ ምን እንደሚያስቃቸው ያውቃሉ። ከመቀመጫቸው ምን እንደሚያስነሳቸውም ያውቃሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምን አደራችሁ ሳይሉ ጻፉ።

«የገሠሠ ጄኔሬተር አይነሳም። ሰርፀ መንዳት አይችልም። የልዕልት ወጥ ውሃ ነው።»

አየሩ ጸጥ አለ። ማኅበሩ መሣሪያውን ከገዛ ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም።

አቶ ገሠሠ ፍሪጁን ነቀሉ፣ ማሞቂያውን ነቀሉ፣ ዓሣዎቹን ለፈጣሪ ሰጡ። ሰርፀ ፒካፑን ይዞ እየተንሸራተተ እሳቸው ጋ ደረሰ፤ ከጎማ ሱቁ የበረዶ ሰንሰለት ወጥቶ ጎማው ላይ ታሰረ፤ ጄኔሬተሩ ተጫነ። ፖሊስ ሳይቀር መኪናውን ጥሎ በሄደበት ዳገት ላይ ሰርፀ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው «እኔ ነኝ? እኔ?» እያለ ደረቱን ይመታ ነበር። መንገድ ላይ ወይዘሮ ልዕልትን ጫኗት። ድስቷን በጋቢ ጠቅልላ ከደጅ ቆማ ነበር፤ ስለ ወገቧ ማንም አላነሳም፣ እሷም አላነሳችም።

በማኅበራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰላምታ ሰው ቤት ተገባ።

«ማነው መንዳት የማይችለው?» አለ ሰርፀ በሩን እንደከፈተ።

አቶ ገሠሠ ጄኔሬተሩን ውጭ ክፍቱ ኮሪደር ላይ አስቀመጡ፣ ገመዱን በመስኮት አስገቡ፣ ማሽኑን ሰኩ፣ ከዚያ ወይዘሮ የሺእመቤት እንዲያዩ መጋረጃውን ገልጠው እጀታውን አንዴ ሳቡ። ቀዩ ጄኔሬተር ሕንጻውን አናወጠው። ታች ያሉት ኮንጎዎች አጨበጨቡ።

«ይሄ ነው የማይነሳው?» አሉ እያለከለኩ። «በአንድ ጉተታ! ይመልከቱ! በአንድ ጉተታ!»

ማሽኑ አጉረመረመ፤ ቱቦው ውስጥ አየር መጣ። ወይዘሮ የሺእመቤት ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። የከንፈራቸው መልክ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊታቸው ላይ ማንኪያ ተደቅኗል።

«ይቅመሱት» አለች ወይዘሮ ልዕልት። «ውሃ ነው ይሄ? በሉ ይንገሩኝ፣ ውሃ ነው?»

ቀመሱት። አሰቡበት። «እርግጠኛ አይደለሁም። እስቲ ጨምሪልኝ።»

ሳህኑ እስኪያልቅ ተጠበቀ። ከዚያ አቶ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ የሺ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቷል። ሰርፀም ነድቷል። ወጡም ተበልቷል። ኮሚቴው ይቅርታዎን ይጠብቃል።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ይተነፍሱ ነበር።

«እሺ፤ ዝምታም መልስ ነው» አሉ አቶ ገሠሠ። «አይተውታል፣ ይበቃል። ሰርፀ፣ ና አንድ ወገን ያዝልኝ። ዓሣዎቼ ይጠብቁኛል።» በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ወደ ጄኔሬተሩ ማጥፊያ ዘረጉ።

«ለአንድ ሰዓትማ የማንም ጄኔሬተር ይሠራል» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

የአቶ ገሠሠ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሰርፀን አዩት፤ ሰርፀ ወለሉን አየ። ከዚያ እጃቸውን መለሱና ኮታቸውን ቆለፉ፤ ደህና ይዋሉ ሳይሉም ወጡ። ጄኔሬተሩ እዚያው አደረ። መብራት እስኪመለስ ድረስ አቶ ገሠሠ ጠዋትና ማታ በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ፣ ነዳጅ እየሞሉ፣ ወይዘሮ የሺእመቤትን ሲያሳፍሯቸው ሰነበቱ።